ቄቧ ሚዛኗን ስታለች፤ አንድ እግሯ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ ይዘረጋል። ምን ይሆን? (ደብረ ብርሃን)

የጠባሴዋ
ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ጓሮዬ ውስጥ ቦቫንስ ብራውን የሚባል የእንቁላል ዝርያ አሥራ ሁለት ቄቦች አሉኝ። የ45 ቀን ሆነው ነው የገዛናቸው፤ አሁን አራት ወር ገደማ ሆኗቸዋል። እንቁላል ገና አልጀመሩም።

አንዷ አካሄዷ ተበላሽቷል። መጀመሪያ ግራ እግሯን ትጎትት ነበር። ከቆጥ ስትዘል የተጎዳች መስሎን ነበር። አሁን ግን መሄድ አቅቷታል። ሁለት እርምጃ ትራመድና ወደ ጎን ትወድቃለች። ስትተኛ ቀኝ እግሯ ወደፊት፣ ግራው ወደኋላ ይዘረጋል። ለመነሳት ስትሞክር በክንፏ ምድሩን ትደገፋለች። ዓይኗ ግን ንቁ ነው። እህሉን አጠገቧ ካደረግንላት ትበላለች።

የሸጠልን ነጋዴ «ክትባታቸውን ጨርሰዋል» ብሎናል። የትኛው ክትባት እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ግን አልሰጠንም። ሌሎቹ አሥራ አንዱ ደህና ናቸው።

ጎረቤቶቼ «ፈንግል ነው፣ ሳትጨርሳቸው ቶሎ እረዷት» ይሉኛል። ልጆቼ በስም ነው የሚጠሯት። ምን እንደያዛት ሳላውቅ እጄ አልሄድ አለኝ። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

የመንዝ_ሰው
እህቴ አይዞሽ። እኔ ዶሮ ሳረባ ነው ያረጀሁት። ፈንግል እኛ ጋ የሚገባው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ሲገባ ደግሞ ቤት ለቤት ነው የሚዞረው። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጠን በአረቄ እናግታቸዋለን። የተረፈችዋ አንዳንዴ አንገቷ ተቆልምሞ ይቀራል፤ አንዳንዴም እግሯ ይሰንፋል። ያንቺም እሱ ይመስለኛል። ለማንኛውም ዛሬውኑ ከሌሎቹ ለያት።

ደብረሲና_እናት
እንቁላል ተወጥሮባት ቢሆንስ? የኔዋ እንዲህ ሆና ታውቃለች። ጭራዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ቆማ ታምጥ ነበር። ለብ ባለ ውሃ ሆዷን ዘፍዝፌ፣ ጨለም ያለ ቦታ አስቀመጥኳት፤ በነጋታው ጣለች።

የጠባሴዋ
እትዬ አመሰግናለሁ። ግን እስካሁን አንዷም አልጣለችም። ሆዷንም ነካክቼ አየሁት፣ ለስላሳ ነው።

ሐኪም_ከሰሜን_ሸዋ
ሰላም ለቤቱ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ እዚሁ ዞን ውስጥ ነው የምሠራው።

እህቴ፣ ያልጣለች ቄብ ስለሆነች እንቁላሉን እንተወው። ጋሼ ያሉት ከልምድ የመጣ እውነት ነው። ከፈንግል የተረፈች ዶሮ አንገቷ ሊቆለመም፣ እግሯም ሊሰንፍ ይችላል። ግን ከመፍረዳችን በፊት መንጋውን እንይ። ሚዛን መሳት የበሽታ ስም አይደለም። እንደ ሰው ራስ ምታት ነው፤ መንስኤው ብዙ ነው።

ፈንግል ቫይረስ ነው። በሌላው ዓለም ኒውካስል ይባላል። ቫይረሱ ከገባ ብዙውን ጊዜ በ5 ወይም በ6 ቀን ምልክት ያሳያል። ክትባት የሌለው መንጋ ውስጥ ከገባ ደግሞ አንድ ዶሮ ይዞ አይቀመጥም። ዶሮዎቹ ያንኮራፋሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ፣ ኩሳቸው አረንጓዴ ውሃ ይሆናል። ተኮማትረው ይቆማሉ። ከዚያ በቀናት ውስጥ ሞቱ ይከተላል። አንዷ ብቻ ቀስ በቀስ እያነከሰች መጥታ፣ አሥራ አንዱ አብረዋት እያደሩ ሲቦርቁ ካየሁ፣ መጀመሪያ የማስበው ፈንግልን አይደለም።

አሁን የምነግርሽን በእጅሽ ፈትሺና መልሽልኝ። ሁለት እጅሽን ከሆዷ ሥር አድርገሽ አንሻት። እግሮቿ ተንጠልጥለው ይቅሩ። ከዚያ አንድ ጣትሽን ከእግሯ መዳፍ ሥር አስጠጊ። ጤነኛ እግር ጣትሽን ጨበጥ ያደርጋል። ቀኙንም ግራውንም ሞክሪ። የታመመው እግር እንደ ጨርቅ ልምሾ ነው ወይስ እንደ እንጨት ግትር?

ደረቷ መሃል ያለውን አጥንት ዳስሺ፤ ስለት ሆኗል ወይስ ሥጋ ለብሷል? ማታ ስትተኛ ደግሞ አንገቷ ሥር ያለውን የእህል ከረጢት ንኪ፤ ሙሉ ነው ባዶ? ዓይኗን በእጅ ባትሪ እዪ። ብርሃን ሲያርፍበት መሃሉ ያለው ጥቁር ክብ መጥበብ አለበት፤ ክብነቱም የተስተካከለ መሆን አለበት። የእግሯን መዳፍ አገላብጪ፤ ጥቁር ቅርፊት ያለው እብጠት ካለ ሕመሙ ከዚያ ነው። ላባዋን ገልጠሽ ጆሮዋን፣ ከክንፏም ሥር እዪ። የምትበላውንም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።

ሰውነቷ ትኩስ ሆነብኝ ብለሽ ግን አትደንግጪ። የዶሮ ሙቀት ጤነኛ ሆናም ከ41 ዲግሪ በላይ ነው።

እነዋሪ_ገበሬ
የምትበላውን መጠየቅዎ ልክ ነው ዶክተር። እኛ ሞረትና ጅሩ የስንዴ አገር ነን። መድኃኒት የተቀባ ምርጥ ዘር ሲዘራ የተረፈው ግቢ ውስጥ ይፈሳል። ቀለም ያለው ነው፣ ያስታውቃል። የጎረቤቴ ዶሮዎች በልተውት ጠዋት የነበሩት ማታ አልነበሩም። ሲንገዳገዱና ሲንቀጠቀጡ በዓይኔ አይቻለሁ። እህቴ ጎተራ ውስጥ የነቀዝ መድኃኒት ካለ እሱንም አስቢ።

ሐኪም_ከሰሜን_ሸዋ
ትክክል ነዎት። የመርዝ ነገር በፍጥነቱ ይለያል። በሰዓታት ውስጥ ነው፤ እህሉን የበሉት ብዙዎቹ አንድ ላይ ነው የሚታመሙት። ከአፋቸው ልጋግ ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይወድቃሉ። ማላታዮን የሚባለው የነቀዝ መድኃኒት የተነሰነሰበትን እህል ገና መድኃኒቱ ሳይለቀው ለዶሮ መስጠት ብዙ ቤት ጎድቷል። የተቀባ ዘር ታጥቦም ቢሆን አይሰጥም። በእንዲህ ዓይነቱ መርዝ የሞተች ዶሮም አትበላም። ለውሻም አይጣልላትም።

ሸዋሮቢት_ቆላው
ዶክተር፣ በእህቴ ጥያቄ ውስጥ ስለገባሁ ይቅርታ። የኔም ዶሮዎች ሚዛን ስተዋል፣ ግን የተለየ ነው። የሐበሻ ዶሮዎች ናቸው። ድሮ በጭቃ የተሠራ አሮጌ ቤት ውስጥ አዛወርኳቸው። ከዚያ በኋላ ሦስቱ እግራቸው ዛለ። ልምሾ ነው፣ ግትር አይደለም። ከእግር ጀምሮ ወደ ክንፍ እየወጣ ነው። አንዷ አንገቷንም መያዝ አቅቷታል። ተቅማጥም ማስነጠስም የለም። ይበላሉ እንጂ ቆመው አይደለም።

ሐኪም_ከሰሜን_ሸዋ
ወንድሜ፣ ደግ አደረግህ ጠየቅህ። ልምሾ ሆኖ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ሁለት ነገር አስባለሁ።

አንደኛው የበሰበሰ ነገር መመረዝ ነው። የሞተ እንስሳ ላይ የወጣ ትል የለቀመች ዶሮ አንገቷ እንደ ገመድ ይዝላል፤ የዓይኗ ቆብ ሳይቀር ይከደናል። ግቢህ ዙሪያ ጥንብ ካለ ዛሬውኑ ቅበረው።

ሁለተኛው የዶሮ መዥገር ነው። አንተ ያለህበት ቆላ ነው፤ ቤቱም አሮጌ ጭቃ ነው ብለሃል። ይኼ መዥገር ቀን ቀን ዶሮ ላይ አይገኝም። ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥና ቆጡ ሥር ተደብቆ ይውላል፣ ማታ ወጥቶ ደም ይጠጣል። ቀን የሚያየው ሰው ስለሌለ «መዥገር የለብኝም» ይላል። ትንንሾቹ ልጆቹ ግን ለቀናት ዶሮዋ ላይ ተጣብቀው ይቆያሉ። ክንፏ ሥር ስትገልጥ እንደ ጎመን ዘር የሚያካክሉ ሰማያዊ ጥቁር ነጠብጣቦች ሆነው ታገኛቸዋለህ። እነሱ ደም ሲጠጡ የሚለቁት መርዝ ነው እግሯን የሚያዝለው።

ማታ ዶሮዎቹ ከተኙ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ባትሪ ይዘህ ግባ። ቆጡንና ስንጥቁን እይ። ቀጭን ቢላ ስንጥቁ ውስጥ ከተህ አውጣ፤ ደም ካለበት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግህም።

የጠባሴዋ
ዶክተር፣ ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። ባለቤቴ ያዘልኝ፣ እኔ ፈተሽኩ።

ቀኝ እግሯ ጣቴን አጥብቆ ጨበጠው። ግራው ግን ምንም። ጣቶቿ ትንሽ ተሰብስበው ቀሩ፤ እኔ ስዘረጋቸው ይዘረጋሉ፣ ስለቃቸው ይመለሳሉ። የደረቷ አጥንት ስለት ነው። ከእኩዮቿ አንዷን አንስቼ አስተያየሁ፤ ልዩነቱ አስደነገጠኝ፣ ይቺ ላባ ብቻ ናት። የእህል ከረጢቷ ግማሽ ያህል ሞልቷል። ኩሷ ጥቂት ነው፣ አረንጓዴ ነካ ያደርገዋል። ዓይኗ ሁለቱም ደህና ነው። የእግሯ መዳፍ ንጹሕ ነው። ክንፏ ሥር ምንም የለም።

መኖው ከሱቅ የሚገዛ የቄብ መኖ ነው። ላዩ ላይ ስንዴና የጎመን ቅጠል እንጨምርላቸዋለን። የተቀባ ዘር ቤታችን ገብቶ አያውቅም።

አንድ ሌላ ነገር። ትናንት ሳያቸው ሌላዋ ቄብ ቀኝ ክንፏን ዝቅ አድርጋ ነው የምትሄደው።

ሐኪም_ከሰሜን_ሸዋ
እህቴ በደንብ ነው የፈተሽሽው። የመጨረሻዋን መስመር ሳነብ ልቤ አዘነ።

በአንድ በኩል ብቻ ያለ ስንፈት፣ ቀስ ብሎ የመጣ፣ የምግብ ፍላጎት እያለ መክሳት፣ አንድ እግር ወደፊት አንድ ወደኋላ፣ ዕድሜዋ አራት ወር። ይኼ ሁሉ ሲደመር የምጠረጥረው የማሬክ በሽታን ነው። ቫይረስ ነው። የሚያጠቃው ነርቭን ነው፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ ጉበት፣ እንቁልጢ (የእንቁላል ማፍሪያ) እና ቆዳ ላይ ዕጢ ያበቅላል። በብዛት የሚታየው ከ3 እስከ 6 ወር ባለ ዕድሜ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ መሃሉን ግራጫ ያደርገዋል፣ ክቡንም ያዛባዋል። ዓይኗን እዪ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ዓይኗ ደህና መሆኑ ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም።

መድኃኒት የለውም። ይኼን ሳልሸፋፍን መናገር አለብኝ። አንቲባዮቲክ አይነካውም። ከሰው መድኃኒት ቤት ቴትራሳይክሊን እየገዙ ካፕሱሉን ውሃ ውስጥ የሚበትኑ ሰዎች አሉ። ገንዘቡ ይባክናል፤ በኋላ እንቁላል ለሚጥሉት ደግሞ መድኃኒቱ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል።

ቫይታሚን ጉድለትም እግር ያሰንፋል። ግን የቫይታሚን ቢ2 ጉድለት በብዛት ጫጩት ላይ ነው፤ የሁለቱም እግር ጣቶች ወደ ውስጥ ይጠቀለላሉ። የቢ1 ጉድለት ደግሞ ጭንቅላትን ወደ ጀርባ ይወስደዋል፤ ዶሮዋ ሰማይ ሰማይ ታያለች። የቫይታሚን ኢ ጉድለት መኖው ሲቆይና ቅባቱ ሲሻግት ይመጣል፤ የሚጎዳውም ትንንሾቹን ነው። ቢ ኮምፕሌክስ ስጪያት ካልሽ አይጎዳትም፣ ሞክሪ። በቢ ጉድለት የተያዘች በጥቂት ቀን ለውጥ ታሳያለች። ያንቺዋ ላይ ግን ብዙ ተስፋ አልሰጥሽም።

የመንዝ_ሰው
ዶክተር፣ እርስዎን ለመቃወም አይደለም። እኛ ግን ማሬክ የሚባል ነገር ሰምተን አናውቅም። ከፈረንጅ ዶሮ ጋር የመጣ በሽታ ነው?

ሐኪም_ከሰሜን_ሸዋ
ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ስሙ የሀንጋሪ የእንስሳት ሐኪም ስም ነው። ዮዜፍ ማሬክ ይባላል። በ1907 እ.ኤ.አ. እግራቸው የሰነፈ አውራ ዶሮዎችን መርምሮ የጻፈው እሱ ነው። ቫይረሱ የሐበሻ ዶሮንም ይይዛል። ግን የሐበሻዋ ተበታትና ትውላለች፣ በቁጥርም ጥቂት ናት። አንድ ሁለት ስትሰንፍ «ሰው ረግጧት ነው» ይባልና ያልፋል። በአንድ ቤት ተሰብስቦ በሚያድር መንጋ ውስጥ ግን ጎልቶ ይታያል። ቫይረሱ ከላባ ሥር እየረገፈ ከአቧራው ጋር ነው የሚዛመተው። አቧራውን የተነፈሰች ሁሉ ይገባባታል። በእንቁላል ከእናት ወደ ጫጩት አይተላለፍም።

ስለ አረቄውና ሚጥሚጣው አንድ ነገር ልበል። ፈንግል ቫይረስ ስለሆነ ሚጥሚጣ አያድነውም። አፏን ከፍታ በመከራ ለምትተነፍስ ዶሮ ፈሳሽ በግድ መጋት ደግሞ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ብዙዎቹ በዚያ ነው የሚያልፉት። ንጹሕ ውሃ አጠገቧ ማድረግ ይሻላል።

የመንዝ_ሰው
እሺ ልጄ። ትንታ የሚመስለው ነገር ይኼ ነው ማለት ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ሸዋሮቢት_ቆላው
ዶክተር! ማታ ባትሪ ይዤ ገባሁ። ቆጡ የተሠራበት አሮጌ ግንድ ሥር ሙሉ ነው። ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ደም የጠጡት ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ሕይወቴን ሙሉ ዶሮ ሳረባ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የሰነፉትን ክንፋቸው ሥር ገልጬ አየሁ፤ ያሉኝ ነጠብጣቦች አሉ። አንገቷን መያዝ ያቃታት ላይ በጣም ብዙ ነው።

አሁን ምን ላድርግ? ቤቱን በእሳት ልለብልበው?

ሐኪም_ከሰሜን_ሸዋ
ጭቃና ሣር ቤት ላይ እሳት አታስጠጋ፣ ቤትህን ታጣለህ። ዶሮዎቹን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ አሳድራቸው። የተጣበቁትን አንድ በአንድ ንቀልና እሳት ውስጥ ጣል። የሚቀረው ብዙ ከሆነ ለዶሮ የተፈቀደ የመዥገር ዱቄት ከወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቅ። ለከብት የሚረጭ መድኃኒት ስላለህ ብቻ ልኩን ሳታውቅ አትርጭባቸው፤ ይሞታሉ።

ቆጡን አውጥተህ አቃጥል። ስንጥቁን ሁሉ በጭቃና በአመድ ምረገው፣ ከላዩ ኖራ ቀባው። መዥገሩ ሳይበላ ለረጅም ወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ ይቆያል። ስለዚህ ባዶ አድርጌ ትንሽ ብተወው ይሞታል ብለህ አትመልሳቸው። አዲሱን ቆጥ ከግድግዳ አርቀህ፣ በአራት እግር አቁመው፤ እግሮቹን የተቃጠለ ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ ክተት። መዥገሩ ዘይቱን አልፎ አይወጣም።

ችግሩ ከነዚህ ከሆነ ልጆቹ ከተነቀሉ በኋላ ዶሮዎቹ በጥቂት ቀን መነሳት ይጀምራሉ። እስከዚያ ውሃና እህል አጠገባቸው አድርግ። ውሃውን በጥልቅ ዕቃ አታድርግ፤ አንገቷ የዛለው ውስጡ ትሰምጣለች።

ደብረሲና_እናት
ይኼን ሳነብ የኔንም ቆጥ ማታ አየሁ። ምስጋና ይግባው ንጹሕ ነው። ግን ቅማል አገኘሁ፣ ሌላ ጊዜ እጠይቃለሁ።

የጠባሴዋ
ቢ ኮምፕሌክስ ሰጠናት፣ ምንም ለውጥ የለም። ወደ ውሃው መድረስም አቆመች። በተኛችበት በኩል ደረቷ ቆሰለ። ልጆቼን አስቀምጬ አወራኋቸው። ዛሬ ካርቶን ውስጥ አድርገን ወደ ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሟ ካየቻት በኋላ እንድትሰቃይ አንፈልግም ስላልናት በክብር አሳረፈቻት። ከፈለግሽ ከፍቼ ላሳይሽ አለችኝ። እሺ አልኳት። መንጋው ሁሉ በዚህ ላይ ነውና።

የጭኗን ሥጋ ከውስጥ በኩል በጣቷ ለየት ለየት አደረገችው። መጀመሪያ ቀኙን አሳየችኝ። ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቀጭን ክር ነው። ብርሃን ላይ ስታዞረው በጣም ስስ ሰረዞች አሉት፤ ዓይን ካላቀረቡ አይታዩም። ከዚያ ግራውን ከፈተች። ያው ነርቭ ነው፤ ግን ውፍረቱ እጥፍ ሆኗል። ቀለሙ ወደ ቢጫ ግራጫ ሄዷል፣ ፈዟል። ሰረዞቹ የሉም። ውሃ የገባበት ነገር ይመስላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ «ይኸው» አለችኝ። ጉበቷ ደህና ነበር።

ማሬክ ነው ብላለች። እንዳሉት ነው ዶክተር። በአንድ በኩል አለቀስኩ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ምን እንደሆነ በማወቄ ትንሽ ቀለለኝ። ክንፏ የወረደው አሁንም አለች፣ ለብቻዋ አድርጌያታለሁ።

እነዋሪ_ገበሬ
እግዚአብሔር ያጽናሽ። የሞተችውን ምን አደረግሽ? ሥጋዋ ይበላል የሚሉ አሉ።

ሐኪም_ከሰሜን_ሸዋ
እህቴ ያደረግሽው ልክ ነው። እንዲህ በአንድ ጎን ያበጠ የሳያቲክ (የጭን) ነርቭ የማሬክ ዋና መለያ ነው። ያየችልሽ ሐኪም በደንብ ነው የሠራችው። አሁንም ጥርጣሬ ቢኖር ናሙናው ወደ ሰበታው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ተልኮ በላቦራቶሪ ይረጋገጣል። ለአንድ ጓሮ ግን ያየሽው ይበቃል።

ስለ ሥጋው፦ የማሬክ ቫይረስ ሰውን አይዝም። የደህናዎቹ እንቁላልም ሥጋም ይበላል። ታማ የከሳች ዶሮ ግን ለምግብ አትሁን፤ ሌላ ምን እንዳለባት አይታወቅም። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ኖራ ነስንሶ መቅበር ወይም ማቃጠል ነው። ወንዝ ዳር መጣል፣ ለውሻ መስጠት አይሆንም።

የቀሩት አብረው ስላደጉ ቫይረሱ ሁሉም ጋ እንደደረሰ ቁጠሪው። ያም ሆኖ ሁሉም አይታመሙም። ብዙዎቹ ቫይረሱን ተሸክመው በጤና ይኖራሉ፣ እንቁላልም ይጥላሉ። ስለዚህ መንጋውን በሙሉ ማረድ አይጠበቅብሽም። ክንፏ የወረደውን ተከታተያት። ራሷን ችላ ከበላችና ከሄደች ትቆይ።

ዋናው ነገር አዲስ ጫጩት እዚያ ቤት እንዳታስገቢ ነው። አሁን ያሉት እያሉ ከነሱ ጋር ሕፃን ጫጩት ማቀላቀል እሳት ውስጥ መጨመር ነው። እነዚህ ጨርሰው ሲወጡ ጉዝጓዙን ሁሉ አውጥተሽ አቃጥዪ። አቧራውን ውሃ እያርከፈከፍሽ ጥረጊ፤ ደረቁን ከጠረግሽው ይበተናል። ጣሪያውንና መስኮቱን ሳይቀር እጠቢ፣ በኖራ ቀቢ። ቫይረሱ አቧራ ውስጥ ወራት ይቆያል፣ ለጥቂት ሳምንት ባዶ ማድረግ ብቻውን አያጠፋውም።

የጠባሴዋ
ታዲያ ክትባት አለ ሲሉኝ የቱን ነው የሰጡት? ማሬክስ ክትባት አለው?

ሐኪም_ከሰሜን_ሸዋ
አለው። ግን ጫጩቷ በተፈለፈለችበት ቀን፣ እዚያው መፈልፈያው ውስጥ፣ አንገቷ ቆዳ ሥር ነው የሚወጋው። በ45 ቀኗ ለምትገዣት ቄብ አሁን ልስጣት ብትዪ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ስትገዢ «ክትባት ጨርሰዋል ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም አዎ ይልሻል። በስም ጠይቂ። በአንድ ቀናቸው የማሬክ ወስደዋል? የጉምቦሮ (ሌላ የዶሮ ቫይረስ በሽታ ነው) ስንት ጊዜ ወስደዋል? የፈንግል መጨረሻ የተሰጣቸው መቼ ነው? ከየትኛው መፈልፈያ መጡ? ወረቀቱን አሳየኝ። መመለስ ካልቻለ ሌላ ሻጭ ፈልጊ። የተከተበችም ቢሆን ቫይረሱ ሊገባባት ይችላል፤ ክትባቱ ከሽባነቱና ከዕጢው ነው በብዛት የሚጠብቃት።

አሁን ግን አስቸኳዩ ሌላ ነው። ወረቀት ከሌለሽ ፈንግል አልተከተቡም ብለሽ ቁጠሪ። ደህናዎቹን አስከትቢ።

ሸዋሮቢት_ቆላው
የምሥራች! ሁለቱ ተነስተው እየሄዱ ነው። አንገቷ ዝሎ የነበረችው አልተረፈችም። ቆጡን አቃጠልኩት፣ ምርጊቱ አልቋል፣ ነገ ኖራ ነው። ለጎረቤቶቼ በማታ ባትሪ እያበራሁ ቤታቸውን እያሳየሁ ነው። ከአራት ቤት በሦስቱ አገኘን።

ደብረሲና_እናት
የፈንግል ክትባት ስጠይቅ ሁልጊዜ «ለአምስት ዶሮ ብልቃጥ አንከፍትም» ይሉኛል። እህቴ አንቺስ ለአሥራ አንድ ዶሮ ይከፍቱልሻል?

ሐኪም_ከሰሜን_ሸዋ
ችግሩ ይገባኛል እትዬ። ብልቃጡ የሚመጣው ለብዙ ዶሮ ተብሎ ነው፤ ትንሹ እንኳን ለ50 ወይም ለ100 ዶሮ ይሆናል። አንዴ ከተበጠበጠ በሁለት ሰዓት ገደማ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ጎረቤት ተሰብስቦ በአንድ ጠዋት ማስከተብ ነው መፍትሔው። ክትባቱን የሚያመርተው ቢሾፍቱ ያለው የክትባት ተቋም ነው። ከዚያ እስከ ቤትሽ ቅዝቃዜው እንዳይቋረጥ በበረዶ ሳጥን ይምጣ። ሙቀት የሚችል ዓይነትም አለ፤ መንገዱ ሩቅ ለሆነ ቀበሌ እሱን ጠይቁ።

በዓይን ጠብታ ከሆነ ለእያንዳንዷ አንድ ጠብታ ነው። ዓይኗን ጨፍና እስክትከፍት ጠብቂ፣ ከዚያ ልቀቂያት። በውሃ ከሆነ የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። የምንጭ ወይም የጉድጓድ ንጹሕ ውሃ ይሁን። ዶሮዎቹን ከዚያ በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ውሃ ከልክሏቸው፣ ሲያገኙት ሁሉም ይጠጡታል። ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይደገማል። የታመመችው አትከተብ። የከተባችሁ ሰዎች እጃችሁን ታጠቡ፤ ቫይረሱ የሰው ዓይን ውስጥ ከገባ ያቀላዋል።

አንድ ሌላ ምክር። ዶሮ ማስነጠስ ሲጀምር በዓል ሳይደርስ ገበያ ወስዶ መሸጥ በኛ ዞን የተለመደ ነው። ፈንግልን ከወረዳ ወረዳ የሚያዞረው ይኼ ነው። ከገበያ የገዛችኋትን ከመንጋው ሳትቀላቅሉ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ለብቻዋ አሳድሯት።

የጠባሴዋ
ዶክተር፣ እንቁላል ሲጀምሩ የጣይ (እንቁላል የሚጥል ዶሮ) መኖ ወዲያው ልቀይርላቸው? እስከዛሬ የቄብ መኖ ነው።

ሐኪም_ከሰሜን_ሸዋ
የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች ስታዪ ቀይሪላቸው። ቀድመሽ አትስጪ፤ የጣይ መኖ ውስጥ ያለው ካልሲየም ገና ያልጣለችን ቄብ ኩላሊት ይጎዳል። ከጀመሩ በኋላ ግን ካልሲየሙን እንዳታሳጪያቸው። አንድ የእንቁላል ቅርፊት ብቻ 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይወስዳል። ከመኖው ካላገኘችው ከአጥንቷ ትወስዳለች፤ ከዚያ እግሯ ይዝላል፣ አሁንም «ሚዛን ሳተች» ብለሽ ትጽፊልናለሽ። የእንቁላል ቅርፊት ሲኖርሽ እጠቢው፣ አመስ አድርገሽ ሰባብሪና በሌላ ዕቃ አስቀምጪላቸው። የሚያስፈልጋት ራሷ ትለቅመዋለች።

የመንዝ_ሰው
እኛ ቀበሌ ክትባቱ ሲመጣ ሰው ቤት ውስጥ ሆኖ አይሰማም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔ እናገራለሁ። ስንት ዶሮ እንዳለ ቆጥሬ ለክሊኒኩ አስቀድሜ እሰጣለሁ።

የጠባሴዋ
ጋሼ ደግ ሐሳብ ነው። እኔም የሰፈሬን ሴቶች ቡና ላይ ነገርኳቸው። ከአሥራ አንዱ የኔ ጋር 74 ዶሮ ሆነናል። ክንፏ የወረደችው አትገባም፤ አሥሩን ይዤ እሄዳለሁ። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ግቢ ውስጥ ይሆናል፤ በረዶ ሳጥኑን ክሊኒኩ ያመጣል። ጠባሴ አካባቢ ያላችሁ ዶሮአችሁን በቅርጫት ይዛችሁ ኑ፤ ስማችሁን እዚህ ጻፉልኝና እቆጥራችኋለሁ።